እንሰት ውስጥ የተደበቀው ኦራል

ለብዙ ዓመት መንገድ ለሚጠይቀኝ ሰው በእጄ አላመለክትም ነበር። በአፌ ነበር የምነግረው። «ቀጥ ብለህ ሂድ፣ ወፍጮ ቤቱን ስታልፍ ወደ ግራ ታጠፍ» እል ነበር፤ እጆቼ ነጠላዬ ውስጥ እንደተጠቀለሉ። የማያውቁኝ ሰዎች ኩራተኛ ይሉኛል። የሚያውቁኝ ምክንያቱን ያውቃሉ፤ ግን ግማሾቹ የሚያውቁት ከዋርሳዬ፣ ማለትም ከባሌ ታላቅ ወንድም አፍ የሰሙትን ነው። ይህን የምጽፈው ለእነዚያ ግማሾች ነው። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት የምናገረው አጥቼ አልነበረም።

ነገሩ የመጣው መንግሥት በተለወጠበት ሰሞን ነው። ያኔ እኔና ባሌ ከወላይታ ሶዶ ወጣ ብሎ በአረካ መንገድ ዳር ባለው የቤተሰቡ ግቢ ውስጥ እንኖር ነበር። ግቢው ሁለት ቤት አለው። ትልቁ የዋርሳዬ ነው፣ ትንሹ የእኛ ነበር። ከሁለቱ ጀርባ እስከ አጥሩ ድረስ የአማቴ እንሰት ነው። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በአንድ መሥሪያ ቤት የታይፕ ጸሐፊ ሆኜ እሠራ ነበር። ባሌ አስተማሪ ነበር፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ከሰው ጋር መጣላት የማይችል። ዋርሳዬ ከአረካ በተቃራኒ በኩል ካለው ከሁምቦ ቆላ በቆሎ እየገዛ ሶዶ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። እሱ ደግሞ ሳይጣላ መዋል አይችልም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ኦራል ግቢያችን በር ላይ ቤንዚን ጨርሶ ቆመ። ኦራል ያኔ ወታደር የሚጭን፣ ጎማው ደረት ላይ የሚደርስ የሩሲያ መኪና ነው። የዚህኛው ካሶኒ ላይ ግን ሰው አልተጫነም፤ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአየር መቃወሚያ መሣሪያ ተተክሎበት ነበር። ወታደሮቹ «ዙ» ይሉታል። አራት ነበሩ። ጦሩ ተበትኗል፣ አዛዥ የላቸውም፣ የሚፈልጉት የወታደር ልብሳቸውን አውልቀው ወደየአገራቸው መግባት ብቻ ነው።

ዋርሳዬ ወጥቶ መኪናውን ዞረው። አማቴ ኋላ እንደነገረችኝ መሣሪያውን ቀና ብሎም አላየው፤ ጎማውን ነው በእግሩ የመታው። ሁምቦ ወርዶ ስንት ኩንታል በቆሎ እንደሚያመጣበት እያሰላ ነበር። አራት የሲቪል ልብስ ሰጥቶ ኦራሉን ከነዙው ተረከበ። ልብሱ የራሱ ቢሆን ምንም አልልም ነበር። ሦስቱ የወጡት ከባሌ ሳጥን ነው፤ ከሦስቱ አንዱ የሠርጋችን ሱፍ ነበር። ቡኒ ነው። ገበሩ ተቀዶ ቡኒ ክር ስላጣሁ በሰማያዊ ክር ጠቅሜዋለሁ። «ከውስጥ ነው፣ ማን ያየዋል» ብሎኝ ነበር ባሌ።

እኔ ከሥራ ስመለስ ረዥሙ ወታደር ያንን ሱፍ ለብሶ በበሩ ሲወጣ ተገጣጠምን። «እንደምን ዋልሽ እህቴ» ብሎኝ አለፈ። እጅጌው ክንዱ መሀል ላይ ቀርቶበታል። ቤት ገብቼ ሳጥኑ ተከፍቶ አገኘሁት። ባሌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

«ወንድሜ ነው» አለኝ። «ምን ልበለው?»

የሰፈሩ ጎረምሶች ኦራሉን ገፍተው እንሰቱ መሀል አስገቡት። ዙው ከእንሰቱ በላይ ይታይ ስለነበር ዋርሳዬ ቅጠል እየቆረጥን እንድንሸፍነው አዘዘ። አማቴ ለእያንዳንዱ እንሰት እንደ ልጅ የምትሳሳ ሴት ነበረች፤ እያለቀሰች ቆረጠች። ካሶኒው ላይ ወጥቼ ቅጠሉን የደረደርኩት እኔ ነኝ፤ በቤቱ ውስጥ ቀላሏ እኔ ነበርኩ። ተኳሹ የሚቀመጥበት የብረት ወንበር አለው፣ በእግር የሚረገጥም ነገር አለው። ሁለቱ አፈሙዞች ወደ ሰማይ አንጋጠዋል። እጄ ሲነካቸው ቀዝቃዛ ነበሩ።

አሁን ሳስበው የሚያስቀኝ ነገር አለ። በእኛ አገር ይህን ያህል የእንሰት ቅጠል በአንድ ቀን የሚቆረጠው ወይ ለትልቅ ድግስ ነው ወይ ለለቅሶ። በማግስቱ ጠዋት አንዷ ጎረቤት ከበሩ ጀምራ ደረቷን እየመታች ገባች። «ማን ሞተብን? ማን ነው የሞተብን?» ትላለች። እሷን ዝም ሳናሰኝ ሌላዋ ቅቤ በቅጠል ጠቅልላ መጣች።

«ሠርጉ የማን ነው? ጎረቤት አይደለንም እንዴ? ደብቃችሁ ልትበሉ?»

የዋርሳዬ ሚስት ደነገጠች። «ሠርግም ሞትም የለም፣ ቤት ልንከድን ነው» አለች።

ባለ ቅቤዋ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። «ቆርቆሮውን?» አለች።

እንግዲህ ዋርሳዬ ደበቅኩ የሚለው ነገር እንዲህ ነበር የተደበቀው። ጎረምሶቹ ገፍተውታል፣ ሴቶቹ ቅቤ ይዘውለት መጥተዋል። ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ ቅጠሉ ደርቆ ቡኒ ሆነ። ከመንገድ ላይ ሲታይ፣ ቅጠላቸው የተመለጠ እንሰቶች መሀል አንድ ትልቅ የደረቀ ጉብታ ቆሟል። ወላይታ ውስጥ ያደገ ሕፃን እንኳ አይቶ «ምንድን ነው?» ሳይል አያልፍም።

አንድ ጠዋት ለሥራ ስወጣ ጥቂት ታጋዮች በእግር እየመጡ በሩ ላይ አገኙኝ። የደከሙ ልጆች ነበሩ፤ አንደኛው ጫማው ተቀዷል። የጠየቋቸው ሰዎች ሁሉ በወላይትኛ እየመለሱላቸው ተቸግረዋል። እኔ አማርኛ እችላለሁ።

«እህታችን፣ የአረካ መንገድ በየት ነው?»

«ቀጥ ብላችሁ በዚህ» አልኩና እጄን ዘረጋሁ። መንገዱ በእንሰታችን ጥግ በኩል ነው የሚያልፈው። አመስግነው ሄዱ። ያልኩት ይኸው ነው። ዋርሳዬ ከትልቁ ቤት መስኮት ያያል።

በዚያው ሳምንት ሌሎች በመኪና መጡ። ማንንም አልጠየቁም፤ በቀጥታ እንሰቱ ውስጥ ገቡ። ዋርሳዬ ወሬ ሰምቶ ሁምቦ ዘመድ ቤት ከወረደ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። በግቢው ውስጥ የተገኘው ወንድ ባሌ ስለሆነ እሱን ወሰዱት። ክረምቱን ታሰረ። ሲፈታ ሳል ይዞ ወጣ፤ ሳሉ አልለቀቀውም፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ይዞት ሄደ። እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከእንሰቱ ጥግ ቀበርነው።

ዋርሳዬ ነገሩ ሲበርድ ከሁምቦ ወጣ። ዘመድ ሰበሰበና በእናቱ ፊት ቆሞ «እጇን ዘርግታ ስታሳያቸው በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። አልዋሸም፤ አይቷል። አማርኛ መቻሌ ያኔ ወንጀል ሆነ። የከተማ ሴት መሆኔ፣ ደሞዝ መብላቴ፣ ሁሉም ወንጀል ሆነ። «ለሱፉ ተበቀለች» ያለችም ነበረች፤ ማን እንደሆነች አውቃለሁ፤ ሞታለች፣ ትረፍ።

የጎዳኝ ግን የእነሱ ወሬ አይደለም። ባሌ አንድ ጊዜ እንኳ «አንቺ አይደለሽም» አላለኝም። ከእስር ወጥቶ ሁሉን ነገርኩት። አዳመጠኝና «ተይው፣ ያልፋል» አለ። አምኖኝ ነው? ወይስ እነሱን አምኖ፣ ስለ ልጆቹ ብሎ ነው? አልጠየቅሁትም። መልሱን ፈራሁ። እሱ ከሞተ በኋላ ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ሶዶ ከተማ ገባሁ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጥያቄው ከእኔ ጋር ነው የሚተኛው፣ ከእኔ ጋር ነው የሚነሣው።

ዘንድሮ ዋርሳዬ ታመመ። ጊፋታ፣ የእኛ የወላይታ የዘመን መለወጫ፣ ሲቃረብ ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሦስቱ ቤቴ መጡ። በጊፋታ ቂም ተይዞ ወደ አዲስ ዓመት አይገባም፤ የተጣላ ይታረቃል። ወንበር ሰጠኋቸው። ታላቅየው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እህታችን፣ ሰውዬው አርጅቷል፣ ታሟል። አንቺም ብትሆኚ…»

«እኔም አርጅቻለሁ። ቀጥል።»

«አንዲት ቃል ናት። ‹አጥፍቻለሁ› በይና ይቅር ይበልሽ። እንጸልይና እንብላ።»

«ያላጠፋሁትን?»

«ለሰላም ሲባል።»

«በየትኛው ምዕራፍ ነው ለሰላም ሲባል ዋሹ የሚለው? አንብብልኝ፣ መነጽሬ ይኸው።»

ሁለተኛው ሳቁን ሊደብቅ አጎነበሰ። ታላቅየው ግን አልሳቀም። መሬት መሬት እያየ ነበር። «አንድ ነገር ብሏል» አለ። «እምቢ ካለች፣ ከወንድሜ ጎን አትቀበርም ብሏል። ግቢው የእሱ ነው፣ ምን እናደርጋለን?»

ከጊፋታ በፊት ባለው ቅዳሜ መልስ እንድሰጥ ቀጠሩኝና ሄዱ። ልጄ ከጓዳ ወጣች፤ ሰምታለች።

«እማዬ፣ በይውና ይለፍ።»

«ምኑ ይለፍ?»

«ሁሉም ነገር። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ እውነት እንዳልሆነ ያውቃሉ። ቃል ብቻ ነው። አባቴ ጋር እንድትሆኚ ነው የምፈልገው።»

እሷ ክፉ አይደለችም። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ልለው ነበር። ሌላ የማርፍበት ቦታ አልፈልግም። ከአንድ ሰው ጋር ኖሬ ከሌላ ሰው ጎን መተኛት አልፈልግም። ግን ያችን ቃል ካልኩ፣ ባሌ ምናልባት እነሱን አምኖ ከሞተ፣ እውነት አደረግኩለት ማለት ነው። ከጎኑ ስተኛ ያንን ይዤ ነው የምተኛው።

በዚያው ሳምንት ውስጥ የዋርሳዬ ልጅ በሬን አንኳኳ። ኦራሉ ሲመጣ ገና የሚታዘል ሕፃን ነበር፤ እኔም አዝዬዋለሁ። አሁን ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግን፣ የልጆች አባት ነው። የአባቱ መልእክተኛ መሰለኝ፣ በሩ ላይ አቆምኩት።

«ደህና ነዎት አክስቴ?»

«ደህና ነኝ። ቅዳሜ አልደረሰም።»

«ለሱ አይደለም የመጣሁት። አባቴ መምጣቴን አያውቅም። ጌም ነው።»

«ምን ነው?»

አስገባሁት። ሻይ አፈላሁ። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ፤ ታንክ ከታንክ ጋር ይተኳኮሳል፣ አውሮፕላን ይወድቃል፣ ሁሉም ያለ ደም ነው። በዓለም ላይ የነበሩ የጦር ተሽከርካሪዎች አሉበት፤ የሌለውን ደግሞ ተጫዋቾቹ ጽፈው ያቀርባሉ፤ እንዴት እንደሚሠራ፣ የት እንደተዋጋ፣ ስንት ሰው እንደሚይዝ። ሌሎቹ አንብበው ይከራከራሉ። እሱ ዙ የተጫነበትን ኦራል አቅርቧል።

«የእኛን ኦራል» አለ።

«የማንን?»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው።

«አጎትህን የቀበረውን ነገር መጫወቻ ልታደርገው ነው?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ ስለሱ እሰማለሁ አክስቴ» አለ፤ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፣ እንደ አጎቱ። «አይቼው አላውቅም። ቤታችንን ለሁለት የከፈለ ነገር ነው፣ ግን ምን እንደሚመስል የሚነግረኝ የለም። አባቴ ስለ ጎማው ብቻ ነው የሚያወራው። እዚያ ደግሞ ‹እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም፣ ከየት አመጣኸው› ይሉኛል። ላዩ ላይ የወጡት እርስዎ ነዎት ይባላል።»

ልመልሰው አስቤ ነበር። ግን ጥያቄዎቹን ጀመረ፤ መሣሪያው በጋቢናው ላይ ወደ ፊት መዞር ይችል ነበር ወይ? ካሶኒው ጎኑ እንጨት ነው ብረት? ወንበሩ በየት በኩል ነው? ቀለሙ? እኔም መለስኩ። ጎኑ እንጨት እንደነበረ፣ አንዱ ሳንቃ ወልቆ በሽቦ እንደታሰረ፣ ጋቢናው ላይ የጥይት ሣጥን በገመድ እንደተጠፈረ። አፈሙዞቹ ወደ ኋላ ዞረው ስለነበር ወደ ፊት ይዞራሉ አይዞሩም አላውቅም አልኩት፤ ያላየሁትን አልናገርም። ቅጠሉን እንዴት እንደደረደርኩ ነገርኩት፤ ስለ ቆርቆሮው ስነግረው እስኪያለቅስ ሳቀ። ከሄደ በኋላ ነው የገባኝ። ከዚያ ቤት ሰው መጥቶ «ምን አየሽ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር። እነሱ እስከ ዛሬ የሚጠይቁኝ «ምን አደረግሽ?» እያሉ ነው።

ሐሙስ ዕለት ተመልሶ መጣ። በሩን ከማንኳኳቱ በፊት ስሜን ሲጠራ ሰማሁት። ፊቱ ልክ አይደለም። መልስ የሰጡት አብዛኞቹ ፈረንጆች ነበሩ አለኝ፤ ስለ አፈሙዝ ይከራከራሉ። አንድ የአዳማ ልጅ ግን በአማርኛ ጻፈ። «ሶዶ አጠገብ፣ የአረካ መንገድ፣ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ ያልከውን ለአባቴ አነበብኩለት። አባቴ እዚያ ኦራል ላይ ተኳሽ ነበር» አለው። ከዚያ የአባቱን ድምፅ ቀድቶ ላከለት።

«ቁጭ በይ» አለኝ። አንቺ ሲለኝ በልጅነቱ እንደሚጠራኝ ሆነ፤ እሱ ራሱ አላስተዋለም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ከፈተው። የሽማግሌ ድምፅ ነው፣ ከኋላው ዶሮ ይጮኻል።

«…ያቺ ኦራል የእኛ ናት፣ ልጄ እንዳነበበልኝ ከሆነ። ቤንዚን አልቆብን ነው የቆምነው። አንድ ነጋዴ፣ እግዜር ይስጠው፣ ልብስ ሰጠን። ለእኔ ሱፍ ደረሰኝ፣ ቡኒ። እጅጌው አጭር ነው እንጂ ደህና ሱፍ ነበር፤ ገበሩ በሰማያዊ ክር ተጠቅሟል። እሱን ለብሼ ነው ያገባሁት። እና… ኋላ ካምፕ ገብተን ስንመዘገብ ‹መሣሪያ የት ጣላችሁ?› ብለው ጠየቁን። እኔ ነኝ የተናገርኩት። ከሶዶ ስትወጡ፣ በአረካ መንገድ፣ እንሰት አለበት አልኳቸው። ሰዎቹ ደብቀው ቢገኙ ይቸገራሉ ብዬ ነው፤ እኛ ብንናገርላቸው ይሻላል ብዬ። ለቤተሰቡ ሰላምታ አድርስልኝ።»

ስልኩ ዝም አለ። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ የተሰማኝን ብጠየቅ፣ ደስታ አይደለም። ጠባብ ጫማ ስታወልቂ እግርሽ መጀመሪያ የሚሰማው ነገር አለ፤ ያ ነው። የዋርሳዬ ልጅ ሁለቱን እጆቹን ፊቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«አንቺ አልነበርሽም» አለ።

«አልነበርኩም።»

«አባቴን ምን ልበለው?»

«እሱን አላውቅም። አባትህ ነው።»

ለሰውዬው ደወለልኝ። ብዙ ልናገር ብዬ ነበር፤ ስልኩን ስይዝ የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሱፉ በጣም አጠረዎት?» አልኩት።

ሳቀ። «ኧረ አጠረኝ እህቴ። ባለ ሱፉ ደህና ናቸው?»

«አርፏል።»

«ነፍስ ይማር።» ከኋላው ዶሮው ጮኸ። «መቼ?»

«ቆይቷል። ታሞ ነው።» እስሩን አልነገርኩትም። ለእኛ ብሎ ነው ያደረገው፤ ያንን ለራሱ ያቆየው።

ቅዳሜ ዕለት ነጠላዬን አጣፍቼ በባጃጅ ወደ ግቢው ሄድኩ። ባሌን ከቀበርን በኋላ ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር። እንሰቱ አድጓል፣ ትልቁ ቤት ቀለም ተቀብቷል። ዋርሳዬ አልጋው ላይ በትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ከስቷል። ሚስቱ እግርጌው ሆና ምንም አላለችም፤ በዕድሜዋ ሙሉ ምንም ያላለች ሴት ናት፤ ስለዚህም ነው ያልወደድኳት። ሽማግሌዎቹ ተደርድረዋል።

ታላቅየው ጸለየና «እንግዲህ ቃልሽን እንስማ» አለኝ።

«ቃል ይዤ መጥቻለሁ፣ ግን የእኔ አይደለም» አልኩና ወደ ዋርሳዬ ልጅ ዞርኩ። ልጁ ስልኩን አባቱ አልጋ ላይ አስቀመጠው። ከዚያም ከፈተው።

ድምፁ አለቀ። ዋርሳዬ ጣሪያውን ሲያይ ቆየና ወደ እኔ ዞረ።

«ታዲያ እጅሽን ለምን ዘረጋሽ?»

«አረካ በዚያ በኩል ስለሆነ ነው!» አልኩት። «በሁምቦ በኩል ልስደዳቸው?»

ሁለተኛው ሽማግሌ በሳቅ ፈነዳ። ሌሎቹም ተከተሉት፤ ሰው አፍሮ ሲስቅ እንዴት እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል። ዋርሳዬ አልሳቀም። ያኔ ነው ሚስቱ ከእግርጌ የተናገረችው፤ በወላይትኛ፣ ለእሱ እንጂ ለእኔ ሳትል።

«ወንድምህ ያለህን ንገራት።»

«ተይ አንቺ።»

«አልተውም። ልትሞት ነው። ንገራት።»

እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው ሲያዞር ራሷ ዞረችልኝ። ባሌ ከእስር የወጣ ሰሞን፣ እዚሁ ክፍል ውስጥ ቆሞ ለወንድሙ እንዲህ አለው ብላ ነገረችኝ። «ሚስቴ አልተናገረችም። ይህን ደግመህ ካልክ ከእጅህ አልበላም።» ወንድሙ ደገመው። ባሌም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዚያ ቤት አልበላም።

እኔ ምን እንዳስታወስኩ ልንገራችሁ። ከትልቁ ቤት ምግብ ሲላክልን፣ ሥጋም ይሁን ሙቿ፣ ያን በቅቤ የሚሠራውን የበዓል ቡላ፣ ባሌ ሳህኑን ወደ ልጆቹ ይገፋና «ሆዴን ያመኛል» ይል ነበር። በጊፋታም፣ በገናም፣ እናቱ በሞተች ጊዜም። እኔ እስሩ ያመጣበት የሆድ በሽታ ነው ብዬ ስንት ቅጠል ቀቅዬለታለሁ፣ ዱቦ ሆስፒታል ድረስ ወስጄ አስመርምሬዋለሁ። ሐኪሙ ምንም አላገኘም ነበር። ለካ እሱ እስኪሞት ድረስ በየበዓሉ ሲመልስልኝ ኖሯል፤ መልሱ እኔ ፊት ሳህን ላይ ተቀምጦ እየቀዘቀዘ ነበር።

«ይህን ሁሉ ዓመት ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«አውቅ ነበር» አለች። «ፈራሁ።» ማንን እንደፈራች አልጠየቅኳትም፤ አልጋው ላይ ተደግፎ ነበር። አልታረቅኳትም፤ ግን ከዚያ ቤት ስወጣ ወንበሬን ያነሣችው እሷ መሆኗን አይቻለሁ።

የዕርቅ ሥርዓት ያለው ነገር ነው። ጥፋተኛው ነው ወደ ተበደለው ቤት የሚሄደው። ሽማግሌዎቹ እኔን ወደ እሱ ሊያመጡ ተነሥተው ነበር፤ አሁን መንገዱ ተገለበጠባቸው። በጊፋታ ማግስት ዋርሳዬ በባጃጅ ተጭኖ፣ በልጁ ተደግፎ ደጄ ላይ ወረደ። ለመግባት ደፉ ላይ ሲደርስ ቆመ። «አጥፍቻለሁ» አለ፤ የእኔ ትሆን የነበረችውን ቃል። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፣ ጎረቤት እንዳይሰማ። ጎረቤት ሰምቷል፤ በሩን ከፍቼ ነው የተውኩት።

ይቅር አልኩት። እንዲህ ባለ ቀን ይቅር የማይል ሰው ሽማግሌ አያስቀምጥም። ሥጋውን አቀረብኩለት፤ ዳጣውን አብዝቼበታለሁ፤ ያን የእኛን የሚያቃጥል በርበሬ። ዓይኑ እንባ ሞላ፣ አፍንጫውን ጠረገ፣ ግን ጨረሰው። «ሆዴን ያመኛል» ሊል አልቻለም። ስለ መቃብሩ ታላቅየው ሽማግሌ በሁሉ ፊት ጠየቀው። «ከወንድሜ ጎን ነው ቦታዋ» አለ። ሱፉን አላነሣሁበትም፤ ይቅር ያልኩት ስለ ወሬው ነው፣ ስለ ሱፉ አይደለም።

የልጁ ኦራል ጌሙ ውስጥ አልገባም እስካሁን። ገና ይከራከራሉ አለኝ፤ ወደ ፊት ይተኩሳል አይተኩስም ነው። የእንሰቱን ቅጠል እንደ መሸፈኛ አቅርቦ አንድ ፈረንጅ «ይህ ይታያል እንጂ አይደብቅም» ብሎ ጻፈለት።

«ልክ ነው በለው» አልኩት። «ታይቷል።»

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ አንድ ባጃጅ አጠገቤ ቆመ። ልጁ ለሶዶ አዲስ ነው መሰለኝ፤ ከኋላ የጫናቸው ሰዎች ይቆጡታል። «እማማ፣ የአረካ መንገድ በየት ነው?» አለኝ። የቲማቲሙን ፌስታል ወደ ግራ እጄ አዛወርኩና ቀኝ እጄን ከነጠላዬ አወጣሁ።

«በዚያ» አልኩት። ክንዴን እስከ መጨረሻው ነበር የዘረጋሁት።